ሰሙን አስተምሩን፤ ወርቁን ግን ተዉልን

በዚህ መንፈቅ የሥዕል ክበባችን የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ «ባቲክ መሰል ሥዕል በጥንታዊ ሥልጣኔ መንፈስ» ለተባለ ትምህርት እንዲያውለው አሳብ መቅረቡን አብዛኞቻችሁ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብባችኋል። አሳቡ ደስ አሰኝቶናል። ክበቡ እስካሁን ከእርሳስና ከወረቀት አልፎ አያውቅም፤ እርሳሱም ቢሆን ግማሹን ጊዜ ይጠፋ ነበር። በሰምና በቀለም፣ በጨርቅና በእሳት የሚሠራ ሥራ ወደ ግቢያችን መምጣቱ፣ በተለይም ነገ መምህራን ሆነን ወደየወረዳው ትምህርት ቤት ለምንሠማራው፣ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ከማስታወቂያው ጋር የተያያዘውን የትምህርት ዕቅድ ካነበብን በኋላ ዝም ማለት አልተቻለንም። በዕቅዱ መሠረት ለእያንዳንዱ ተማሪ ከውጭ አገር ከመጣ የመምህር መምሪያ የተባዛ አንድ ወረቀት ይታደላል፤ በወረቀቱ ላይ የጥንት ግብፅ ዓይን፣ የጃቫ አበባና በነጠብጣብ የተሞላ የአውስትራሊያ ካንጋሮ ተሥሎበታል፤ ተማሪው ከሦስቱ አንዱን መርጦ በሰም እርሳስ ይቀዳል፤ ወረቀቱን ጨምድዶ መልሶ ይዘረጋል፤ በላዩ ቀጭን ቀለም ያፈስበታል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ባቲክ ተሠራ ይባላል። ዕቅዱን ያዘጋጁት መምህራችን በትጋታቸው የምናከብራቸው ሰው ናቸው፤ ይህንንም ያሰቡት ወጪ ለመቀነስና ማንም ተማሪ «እጄ አይታዘዝልኝም» ብሎ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው መሆኑን እናውቃለን። ጠባችን ከእርሳቸው ጋር ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ባቲክ ምን እንደ ሆነ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን የአንድ ዓይነት ጨርቅ ወይም የአንድ ዓይነት አበባ ስም ይመስለናልና። ባቲክ ጨርቅን በሰም ከቀለም የመከላከል ሥራ ነው። ሰም የነካው የጨርቅ ክፍል ቀለም አይጠጣም፤ ያልነካው ይጠጣል። በጃቫ ደሴት በእጅ የሚሣለውን ባቲክ በብዛት የሚሠሩት ሴቶች ሲሆኑ መሣሪያቸው ቻንቲንግ ይባላል። ይህችም እጀታዋ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ፣ ራስዋ ከመዳብ የሆነ፣ እንደ ጀበና ቀጭን አፍንጫ ያላት ትንሽ ዕቃ ናት። ባለሙያዋ የቀለጠውን ሰም በእርስዋ እየቀዳች በጨርቁ ላይ መስመር በመስመር፣ ነጥብ በነጥብ ታፈሳለች። ሰሙ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይሰራጭና መስመሩ ይጠፋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ በጨርቁ ፊት ላይ ተኝቶ ይቀራል እንጂ ወደ ክሩ አይዘልቅም። ጥንቁቅ ሥራ ከሆነ ጨርቁ ተገልብጦ በጀርባውም ሰም ይቀባል። ከዚህ በኋላ ወደ ሰማያዊው የኢንዲጎ ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙም ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሙቅ ከሆነ ሰሙ ይቀልጣልና። ቀጥሎ ሰሙ ከአንዳንድ ቦታ ይፋቃል፣ በሌላው ቦታ ይጨመራል፣ ጨርቁም ወደ ቡናማው ይገባል። በመጨረሻ በፈላ ውሃ ሰሙ ይለቅቅና ሥራው ይገለጣል። እንዲህ ያለ አንድ ጨርቅ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይፈጃል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የመዳብ ማኅተም ወጥቶ ሥራው እስኪፋጠን ድረስ ሌላ መንገድ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ አስተውሉ። እርሳስ የያዘ ሰው እንዲታይ የሚፈልገውን ይሥላል፤ ሰም የያዘች ሴት ግን ቀለም እንዳይደርስበት የምትፈልገውን ትሸፍናለች። ከመጀመሪያው መስመር አስቀድማ የመጨረሻውን ቀለም ማሰብ አለባት። ይህ አሳብ ለኛ አገር ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ አንጥረኛው መስቀሉን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ በማፍሰስ በስፍራው ማዕድኑን ሲያስገባ የሚያስበው እንደዚሁ ወደ ኋላ ነው። ባለቅኔውም «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰደው ከዚሁ ከአንጥረኛው ቤት ነው። የባቲክ ትምህርት ጥቅሙ ይህን የአሳብ አካሄድ በጣት ማስተማሩ ነው። የሰም እርሳሱ ትምህርት ግን ይህን ጥቅም አውጥቶ ይጥለዋል። ሰሙ ከወረቀቱ ላይ አይለቅም፣ የሚገለጥ ነገር የለም፣ ወደ ኋላ የሚታሰብም የለም።

ስለ ወረቀቱ መጨማደድም አንድ ቃል እንጨምር። በባቲክ ላይ የሚታየው እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ መስመር የሚመጣው ሰሙ ደርቆ ሲሰበርና ቀለም በስንጥቁ ሲገባ ነው። ጥንቁቅ የጃቫ ባለሙያ ይህን እንደ ጉድለት ትቆጥረዋለች፤ እንዳይሰበርባትም ከሰሙ ጋር ሌላ ሙጫ ትቀላቅላለች፣ ጨርቁንም ስታነሣና ስታኖር ትጠነቀቃለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ ፋብሪካዎች የጃቫን ባቲክ በመኪና አስመስለው ማተም ሲጀምሩ መኪናው ስንጥቁን ማስቀረት አልቻለም፤ በጃቫ ገበያ ብዙም ያልተወደደው ይህ ጨርቅ ግን በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ገዢ አገኘ፤ ስንጥቁም እዚያ እንደ ጌጥ ተወደደ። ይህን በመውደዳቸው የምዕራብ አፍሪካን ሴቶች አንነቅፍም፤ ጨርቁን ወስደው ስም እያወጡለት የራሳቸው አድርገውታል። የኛ ዕቅድ ግን ተማሪውን ከሥራው ሁሉ አስቀርቶ ጉድለቱን ብቻ ሆን ብሎ በጡጫ እንዲሠራ ያዝዘዋል። ይህ እንጀራ መጋገርን ሳያስተምሩ ዓይን ብቻ በእንጨት እየወጉ እንደ ማሳየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ «ጥንታዊ ሥልጣኔ» እንምጣ። ለጃቫ ሰው በወረቀቱ ላይ ያለው አበባ ዝም ብሎ አበባ አይደለም። ካውንግ የሚባለው አራት ሞላላ ፍሬዎች የተገናኙበት ንድፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በተቀረጹ የድንጋይ ሐውልቶች ልብስ ላይ ሳይቀር ይታያል። ፓራንግ የሚባለው አግድም የሚወርደው ንድፍ ደግሞ በዮግያካርታና በሱራካርታ ቤተ መንግሥቶች ለነገሥታት ቤተ ሰብ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ማን ምን ይለብሳል፣ ለሠርግ የትኛው፣ ለሐዘን የትኛው የሚለው ሁሉ የታወቀ ሥርዓት አለው። እንደኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ጥለቱን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል እንደ ማለት ነው።

ጃቫዎች ራሳቸው ይህ እውቀት እንዳይጠፋባቸው የሠጉበት ጊዜ ነበር። በፔካሎንጋን ከተማ በ2006 የባቲክ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ ቤተ መዘክሩም ከአንደኛ ደረጃ እስከ ቴክኒክ ኮሌጅ ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ተባብሮ ባቲክን በመደበኛ ትምህርት ውስጥ አስገባ። ልጆቹ ስለ ባቲክ ታሪክና ስለ ንድፎቹ ትርጉም ይማራሉ፤ ሰም ያቀልጣሉ፤ ጨርቅ ይነክራሉ። ዩኔስኮ በ2009 የኢንዶኔዥያን ባቲክ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ፣ በዚያው ዓመት ይህን የፔካሎንጋንን ትምህርት ለብቻው ለሌሎች አርአያ የሚሆን አሠራር ብሎ መርጦታል። ቅርሱ አንድ ጊዜ፣ ማስተማሩ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ለአስተማሪነት የምንዘጋጅ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

ከዚህ ይልቅ ግን ልባችንን የነካው በወረቀታችን ላይ ካንጋሮዋ የቆመችላት የአውስትራሊያ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ባቲክ የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ በኤርናቤላ በ1937 የተቆረቆረ የሚሲዮን ሰፈር ነበር፤ በ1948 ለሴቶች የእጅ ሥራ ክፍል ተከፈተላቸው፤ ሱፍ ይፈትሉ፣ ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ባቲክ የገባው በ1971 ነው። በ1975 ከእነዚህ ሴቶች ሦስቱ ወደ ጃቫ ተሻግረው በዮግያካርታ የባቲክ ምርምር ተቋም ተማሩ። የበረሃ ሴቶች ባሕር ተሻግረው ከባለቤቶቹ እጅ ሥራውን መማራቸውን አስቡት፤ የተባዛ ወረቀት አልጠበቁም። ተምረው ሲመለሱም ጃቫን አልገለበጡም፤ ቻንቲንጉን ይዘው ቀድሞ በአሸዋና በወረቀት ላይ ያወጡት የነበረውን የራሳቸውን መስመር በሐር ላይ አፈሰሱ።

ከእነርሱም አንድዋ በ1977 ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ኡቶፒያ ወደሚባለው አገር ሄዳ፣ ከነጭ መምህራን ጋር ሆና ለሴቶቹ ይህንኑ አሳየች። ትምህርቱ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። ተማሪዎቹ የአንማቲየርና የአልያዋር ሴቶች፣ እናቶችና አያቶች ናቸው። ወራቱም የኡቶፒያ ሰዎች የከብት እርባታ ጣቢያ ሆኖ የነበረውን የአያቶቻቸውን መሬት በሕግ ለማስመለስ የሚደክሙበት ወራት ነበር። ሴቶቹ በደጅ፣ በዛፍ ጥላ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሰም ያቀልጣሉ፣ ይቀባሉ፣ ጨርቁን ይቀቅላሉ።

ለኛ ክርክር ትልቁ ነገር መምህራኑ ያላደረጉት ነው። «ይህን ሣሉ» ብለው ወረቀት አላደሉም። ሰሙን፣ ብሩሹን፣ ቀለሙን፣ እሳቱን አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ዞር አሉ። ሴቶቹስ ምን አወጡ? አውልየ በሚባለው የሴቶች ሥርዓት ጊዜ በደረታቸውና በትከሻቸው ላይ በቀይና በነጭ አፈር የሚቀቡትን መስመር አወጡ፤ የሚለቅሙትን ፍሬ፣ ከመሬት ውስጥ የሚቆፍሩትን ሥር፣ የእንሽላሊቱንና የኢሙን ዱካ አወጡ። ምን ሊታይ፣ ምንስ ሊሰወር እንደሚገባው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና መምህር ሊመርጥላቸው አይችልም ነበር። ኋላም ሰማንያ ስምንት የሐር ባቲኮች በአንድ ስብስብ ሆነው ለሕዝብ ታዩ።

ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል በስልሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የነበሩ ኤሚሊ ካም ኡንግዋሬይ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። «ካም» የሚለው ስማቸው እንኳ ከመሬት የሚቆፈረው የዚያ ሥር ፍሬ ስም ነው። አሥር ዓመት ያህል በባቲክ ሠሩ። ከ1988 እስከ 1989 ባለው የበጋ ወራት ሸራና ቀለም ሲመጣላቸው ወደ ሸራ ተሻገሩ፤ ሰሙን የመቀቀሉና ጨርቁን የማጠቡ ድካም ሰልችቶአቸው ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? በ1996 እስኪሞቱ ድረስ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የሠሩት ሥራ ዓለም ያወቀው ሆነ። በ1997 በቬኒሱ ቢየናሌ አገራቸውን ከወከሉት ሦስት ሴቶች አንዷ እርሳቸው ነበሩ፤ በ2025 በለንደን ቴት ሞደርን ሥራቸው ለብቻው ታይቶአል። በ1994 የሣሉት አንድ ትልቅ ሸራ በ2007 ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ፣ በ2017 ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሸጦአል። ዋጋውን የጠቀስነው «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» እያሉ በምሳ ሰዓት ለሚያሾፉብን የምሕንድስና ወንድሞቻችን ብለን እንጂ የነገሩ ልክ ገንዘቡ ነው ብለን አይደለም። ልኩስ ይህ ነው፦ ለኤሚሊ የሰባ ዓመት እውቀታቸውን የሚያፈሱበት ሰም ተሰጣቸው። የነጠብጣብ ካንጋሮ የተሣለበት ወረቀት ተሰጥቶአቸው ቢሆን ኖሮስ? ጥሩ ካንጋሮ ይቀቡ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያበቃ ነበር።

በተባዙ ወረቀቶች ላይ ያለንን ጥርጣሬ ያጠናከረልን ሌላም ነገር አለ። ይህም በአውስትራሊያ የሆነ ነው። የጥንቱ አገር ተወላጅ የሆኑ ሠዓሊዎች ሥራዎቻቸው ለትምህርት መርጃ በሚሆን የሥዕል ጥራዝ እንዲታተሙ ፈቅደው ነበር፤ ከእነርሱም አንድዋ ባንዱክ ማሪካ ናት። ሰው ባህላችንን ይማርበታል ብለው ነበር የፈቀዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ነጋዴ ከነዚያ ኅትመቶች እያስቀዳ በቬትናም ምንጣፍ አሠርቶ ወደ አውስትራሊያ አስገባ። አንዳንዶቹ ሥዕሎች የሚናገሩት ስለ ቅዱስ ስፍራ ነበር፤ አሁን ሰው በጫማው ይረግጣቸው ጀመር። ጉዳዩ በ1994 በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ታይቶ ለሠዓሊዎቹና ለሟቾቹ ወራሾች ወደ 188,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ ተፈረደ። በጎሣቸው ሥርዓት ግን ጥፋቱ የሚጠየቀው በሠዓሊው ነው፤ ምስሉን እንዲጠብቅ የታዘዘው እርሱ ነውና። የመምህር መምሪያ በእጃችን ሲገባ ምስሉ የማን እንደ ሆነ፣ በማን ፈቃድ እንደ መጣ አንጠይቅምን? የኛን ታቦት የሚመስል ነገር በሌላ አገር ልጆች የእግር መጥረጊያ ላይ ቢሣል ምን ይሰማን ነበር?

ለአፍሪካም ምሳሌ አናጣም። በካይሮ ዳርቻ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች ብዙ ሳይርቅ፣ ሐራኒያ በሚባል መንደር ራምሴስ ዊሳ ዋሴፍ የተባለው የግብፅ የሕንፃ ባለሙያ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ሽመና አስተማረ። ከፒራሚድ ጥላ ሥር ተቀምጦ የፈርዖኖችን ዓይን ማስቀዳት ለእርሱ ከሁሉ ይቀልለው ነበር። እርሱ ግን ሦስት ነገር ከለከለ፦ ንድፍ አስቀድሞ መሥራት፣ የሌላውን ሥራ መቅዳትና አዋቂ ሰው ገብቶ መንቀፍ። ልጆቹ የዘንባባውን ዛፍ፣ ዳክዬውን፣ የመንደሩን ሠርግ በቀጥታ በመሸመኛው ላይ አወጡ። ኋላም በዚያው ቤት ባቲክና የሸክላ ሥራ ተጨመረ። ሥራዎቹን ያዩ ሁሉ የጥንቱን የቅብጥ ሽመና ትዝ እንደሚያሰኝ ይናገራሉ፤ ልጆቹ ግን እንዲያስመስሉ ማንም አላዘዛቸውም። ጥንታዊነት ከመንደሩ፣ ከክሩና ከእጁ መጣ። ዋሴፍ በ1974 ቢሞትም ቤቱ ሥራውን አላቋረጠም፤ ሕንፃውም በ1983 የአጋ ኻንን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት አግኝቶአል።

በዚህ ላይ መምህራችን የሚያነሡብንን መልስ ከወዲሁ እናውቀዋለን፤ ጠንካራ መልስም ነው። «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ እየቀዳ አይደለምን የተማረው? ጊዮርጊስን በራሱ አሳብ በበቅሎ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ አለን?» ይሉናል። እውነት ነው፣ መቅዳት አሮጌና የተከበረ የመማሪያ መንገድ ነው። የጃቫም ልጆች ከእናቶቻቸው እየቀዱ ነው የጀመሩት። ነገር ግን ያ ተማሪ የሚቀዳው የሚያውቀውን ነው። ጊዮርጊስ ማን እንደ ሆነ፣ ዘንዶው ምን እንደ ሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሚውል ከልጅነቱ ያውቃል፤ ከመምህሩም ጋር ዓመታት ይቀመጣል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ገበታ ያለዝባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ስሙን ከማያውቀው ሕዝብ፣ ትርጉሙን ያልተነገረውን ምስል የሚቀዳ ተማሪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ደግሞስ በዚያው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። የቅኔ ቤት! የኔታ ግሱን ያስተምራሉ፣ አገባቡን ያስተምራሉ፣ ቅኔ ዘርፈው መንገዱን ያሳያሉ። ተማሪው ግን ወደ ዛፍ ሥር ሄዶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለነገራ ሲቀርብ የኔታ የዘረፉትን ደግሞ ቢያቀርብ ይሳቅበታል። ሁለት ቤት ብቻ የሆነችው ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን የራሱ መሆን አለባት። ዜማው የቅዱስ ያሬድ፣ ቋንቋው የአባቶች፣ ሥርዓቱ የጥንት ነው፤ አሳቡ ግን የዛሬው ተማሪ ነው። ጥንታዊ ሥልጣኔን ከአዲስ አእምሮ ጋር ማገናኘት እንዴት እንደሚቻል ለመማር ከውጭ አገር መምሪያ ማስመጣት አያስፈልገንም ነበር፤ የኔታን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ከወዲህ ደግሞ «ባቲክ የሰው ነው፤ የራሳችን ጥበብና ስፌት እያለ ምን አደከመን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለእነርሱ ብዙ አንመልስም። የኤርናቤላ ሴቶች የሰው የሆነውን መሣሪያ ወስደው የራሳቸውን ተናገሩ፤ የሚያስነውር ነገር አላየንበትም። ዕቃውስ ቢሆን ከኛ የራቀ ነውን? ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት በአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። አብዛኛው ሰም የሚገኘውም ጠጅ ከሚጣልበት ቤት ነው፤ ጠጁ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ ቀልጦ ተጣርቶ ጧፍ ይሆናል። አቡጀዴውን መርካቶ በየሱቁ እናገኘዋለን። ከውጭ የሚመጣው ቀለሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። ወረቀቱ ይቅር፣ ሁለት ሰዓቱም ስድስት ቅዳሜ ይሁን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም ምንም ምስል አይሥል፤ በመሐረብ ልክ በተቆረጠ አቡጀዴ ላይ መስመርና ነጥብ ብቻ ያፍስስ፣ ሰሙ መቼ እንደሚዘልቅ መቼ እንደማይዘልቅ እጁ ይወቅ። በሁለተኛው አንድ ቀለም፣ በሦስተኛው ሁለት ቀለም ይነከር። ወደ አራተኛው ስንደርስ እያንዳንዱ ከቤቱ ወይም ከዘመዶቹ አንድ አሮጌ ዕቃ ያምጣ፤ የአያት መሶብ፣ አክርማ፣ ጋቢ፣ የወተት ዕቃ፣ ማንኛውም ይሁን። ማን እንደ ሠራው፣ ጌጡ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ለምን ቀን እንደሚወጣ ጠይቆ ይምጣና ለሌሎቻችን ይንገረን። ለሌላ ሰው ሊታይ የማይገባ ነው የተባለው ካለ ይቅር፤ ያም ራሱ ትምህርት ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ቅዳሜ ለራሱ ሥራ ይዋል። ስለ ጃቫና ስለ ኡቶፒያ የሚያስረዳ አንድ ሰዓት በመካከሉ ቢሰጠን እናመሰግናለን፤ የሰዎቹ ሥራ በስማቸው ይታየን፣ ከዚያ በኋላ እንዝጋውና የራሳችንን እንሥራ።

ስለ እሳቱ የምትሠጉ መምህራን ትክክል ናችሁ። ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም፤ ሰሙ ያለበት ዕቃ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ። ምናልባት ቢያያዝ ክዳን ይደፋበታል እንጂ ውሃ አይደፋበትም። ምድጃው በደጅ ይሁን፣ አሸዋም በአጠገቡ ይቀመጥ። ሰሙን ለማስለቀቅ መቀቀያ ካጣን ጨርቁን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርጎ በካውያ መተኮስ ይቻላል፤ የዚህ ጋዜጣችን ያልተሸጡ ቅጂዎችም ለዚሁ ይጠቅማሉ። እሳት ጨርሶ አይሆንም የሚባልም ከሆነ የናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች መንገድ አለ። እነርሱ አዲሬ ኤሌኮ የሚሉትን ጨርቅ የሚሠሩት በሰም ሳይሆን በካሳቫ ዱቄት ሙጫ ነው፤ ሙጫውን በላባ ይሥሉበትና በኢንዲጎ ይነክሩታል። አንዱን ንድፋቸውን «ኢባዳንዱን» ይሉታል፤ «ኢባዳን መልካም ነው» ማለት ነው። በስንዴ ዱቄት ሙጫም ለመለማመጃ የሚበቃ ሥራ ይወጣል፤ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትምህርት ቤት ስንሄድ የሚያዋጣን ምናልባት ይኸኛው ነው።

«ስድስት ቅዳሜ ብዙ ነው፣ ተማሪው ይሸሻል» የሚል አለ። ይሽሽ። ስድሳ ካንጋሮ በኮሪደሩ ከሚሰቀል አሥራ ሁለት ጨርቅ ቢሰቀል ይሻለናል፤ ጨርቆቹ ጠማማ ቢሆኑም፣ ቀለሙ ቢፈስባቸውም፣ በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ይኖራልና።

የክበቡ ጠቅላላ ጉባኤ በሚመጣው ዓርብ ከእራት በኋላ ይሰበሰባል። የአቡጀዴውን የሜትር ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቀን እናቀርባለን። ሰፈፉን ከጠጅ ቤት ለማምጣት ሁለት ጓደኞቻችን ቃል ገብተዋል፤ ጠጁን ሳይነኩ ይመለሱ እንደ ሆነ ግን ዋስ አንሆንም።